የመንገደኛው ስም

ዓለም ገና፣ ሰበታ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ቆንጆ ሩሃማ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? የላክሁልሽን ሹራብ እንደምትለብሺው ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንደማትለብሺውም አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው፤ የጅማ መንገድ አቧራ እንደ ልማዱ ጨርቄን ሁሉ ሸፍኖታል። ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስንጀምረው ሁለታችንም ስለምናለቅስ ነው። እህትሽ ሐኒ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ያልሽኝ ሁሉ ገብቶኛል። ያለሽበት የጣሊያን መንደር ሰዎች፣ በወረራው ጊዜ እዚህ ሕዝብ ያስፈጀውን የዚያን ጄኔራል ሐውልት እናፍርሰው ወይስ እንተወው እያሉ ይከራከራሉ። "የመንደራችን ልጅ ነው፣ አይነካም" የሚሉት ደግሞ በስብሰባው ላይ "ገደለ ገደለ ትላላችሁ፤ እስቲ የአንድ ሰው ስም ጥሩ" ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። አንቺም እጅሽን አወጣሽ። የኔ ዓይናፋር! እሁድ በሚቀጥለው ስብሰባ የቅድመ አያቴን የዓባይነህን ስም ከሟቾቹ ጋር እንድጠራ አያቴን እማማን አስፈቅጂልኝ አልሽ።

ልጄ፣ ከባዱን ነው የጠየቅሽኝ። አያትሽ እኮ አባቴ ሞቷል ብለው አያውቁም። በዚያ የካቲት ጣሊያኖች ከቤት ሲወስዱት እሳቸው የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። አንድ ጎረቤት "በመርከብ ጣሊያን አገር ወስደውታል" አለ፤ በቃ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሬሳ አልታየ፣ መርዶ አልመጣ። ተዝካር ማውጣት በገዛ እጅ መግደል መሰላቸው። እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ስሙን የሚያስጠሩት ከሙታን ጋር ሳይሆን ለመንገደኞች በሚጸለየው ጸሎት ነው። አዲሱ ቄስ አንድ ቀን "እማማ፣ እኒህ መንገደኛ ዕድሜያቸው ስንት ነው?" ቢሏቸው "መንገዱ ሩቅ ነው" ብለው መለሱላቸው። አንቺ ጣሊያን ስትሄጂ እኔ ሳለቅስ እሳቸው ለምን ደስ እንዳላቸው አሁን ነው የገባኝ።

እናም እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳልጠይቃቸው ላልፈው ነበር። ትናንት ጎረቤታችን ኦቦ ሀሰኖ ቤት መጥተው ነገሩን አጫወትኳቸው።

"ማሎ፣ እባክሽ አትክልት፣ ድንጋይ ማፍረስ ምን ያደርጋል? እዚያው ይቁም፣ ያደረገውን ከሥሩ ይጻፉበት" አሉኝ።

"ልጄ በየቀኑ በሥሩ እያለፈች? አይሆንም!" አልኳቸው።

ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። የአያትሽን ጆሮ ታውቂው የለ፣ ሲፈልግ ነው የሚሰማው። ዞር ስል የጓዳው በር ላይ ቆመዋል።

"ሩሃማ የማንን ስም ነው የምትጠራው?" አሉ።

ዋሽቻቸው አላውቅም፤ ነገርኳቸው። ተቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ ያዝ ለቀቅ ያደርጉ ጀመር።

"ካልጠራችው ማንም አልሞተም ሊሉ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"ያ ሰውዬም ቆሞ ሊቀር?"

"ሊቀር ይችላል።"

"ከጠራችውስ? አባዬ ሞተ ማለት ነው?"

ኦቦ ሀሰኖ ናቸው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው "እማማ፣ ለቅሶውን እኛ እንቀመጥልዎታለን" ያሏቸው። ያን ጊዜ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ዘጠና ያለፋቸው ሴት እንደ ሕፃን "አባዬ" እያሉ አለቀሱ። ቅዳሜ ድንኳን ይተከላል። የዕድሩ ጸሐፊ "ሟቹ መቼ ነው ያረፉት?" ብሎ ጠይቆኝ ግራ አጋባሁት።

የምትሠሪላቸው ሰዎች እንዳይቀየሙሽ እፈራለሁ፤ መፍራቴን አልደብቅሽም። ቢሆንም ተናገሪ። ኮርቻ ሰፊው ዓባይነህ፣ የአያቴ የየሺሃረግ አባት ብለሽ ጥሪው። እመቤቴ አንደበትሽን ትፍታልሽ፣ ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ታብቃኝ።

አያትሽ አጠገቤ ሆነው አንድ ነገር ጨምሪልኝ ይላሉ። ስሙን ከጠራሽ በኋላ፣ ሞቷል ከማለትሽ በፊት፣ ትንሽ ዝም በይ ብለውሻል። ምናልባት አቤት የሚል ካለ።

እናትሽ አትክልት