ሆዱ የሰፋው ቀሚስ

የሆዴ ልጅ፣ ፈጣሪ ካንቺም ከያዝሽውም አይለይ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ የስፌት ቤቱን በር ቀለም ቀብቶ እጁ እስካሁን አረንጓዴ ነው።

በሆድሽ ያለችው ልጅ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በአልትራሳውንድ ታየ ካልሽኝ ወዲህ እንዲሁ ፈዝዣለሁ። አላለቀስኩም። የጀመርኩላትን ቀሚስ ግን ሆዱን አስፍቼ ሰፋሁት። አዋላጇ ጎረቤታችን አይታ ሳቀች።

«እትዬ፣ ከውጭ እኮ አይታይም! አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደች በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ እስከዚያ መከታተል ነው። በጣም ካደገ ወይም ከተጠማዘዘ ነው ኦፕራሲዮኑ» አለችኝ።

አጠበብኩት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥኩም፤ ኦፕራሲዮን ከሆነች ቁስሏን እንዳይጫናት እለቀዋለሁ።

ደረጃ ስትወጪ ቀስ በይ። በሰላም ያገላግልሽ። በታየሽ ቁጥር ደውዪልኝ፣ ምንም አዲስ ነገር የለም ቢሉሽም። መርፌው ቀሚሱ ላይ እንደተሰካ ነው።

እናትሽ