የማክሰኞው ትኩሳት

ይድረስ ከወንዙ ማዶ ለሰፈረው ለመድፈኛው ልጄ። እንደምን ከርመሃል? እኔ ቆሜ በመዋሌ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። በጀልበኛው የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሳል ጀመረኝ ማለትህ አሳስቦኝ ነበር።

የሕፃናት ቀዶ ሕክምናን በሁለት አልጋ ስጀምር «የአሻንጉሊት ሐኪም» ብለው ሲስቁብኝ ታስታውሳለህ? አሁን ሠላሳ አልጋ አለን፤ ማክሰኞ ሁሉም ሞላ። ጠዋት ከወንዙ ማዶ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት ትምህርት ቤቱን መታው። አንዲት ልጅ አንጀቷን በደብተር ቦርሳዋ ደግፋ መጣች። የቀዶ ሕክምና ተማሪዬ ምላጩን ይዞ ሲንቀጠቀጥ እጁን በመቆንጠጫ መታሁትና «የልጅ ደም ትርፍ የለውም! ስትጨርስ ተንቀጥቀጥ!» ብዬ ጮኽኩበት። ልጅቷ ተረፈች። ታናሽ ወንድሟ ግን እጄ ላይ አለፈ። ከሆዷ ያወጣሁት ብረት እስካሁን ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ጎረቤታችን «ልጅሽ የት ነው ያለው?» ስትለኝ «ሩቅ ነው» አልኳት።

ያ ሳልህስ? ዕድሜዬን ሙሉ ጤና ስመኝልህ ኖሬአለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ትኩሳት ጥሎህ ተኝተህ ነበር፣ አይደል? በሞቴ፣ አዎ ብለህ ጻፍልኝ።

ናፍቆትህ የጠናባት እናትህ