ሀያት ጋቢና ነበረች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ ጠዋት 1፡15

ዛሬም የልጄ የሀያት ባለቀበቶ የሕፃን ወንበር ከመኪናው ወጥቶ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። ዶሮ ወጥታበታለች። በሁለት ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ። አጥቤ መለስሁት።

ባሌን ሰዒድን ጠየቅሁት። ትናንት እናቱንና ዘመዶቹን ለቅሶ ሲያደርስ ቦታ ጠብቦት ነው አለኝ። የአራት ዓመት ልጄስ የት ተቀመጠች? ጋቢና፣ አያቷ እቅፍ ላይ። እንደ ክብር ነው የሚነግረኝ።

አማቴ እማ ዘምዘም ከበረንዳው ሰሙን። «ምነው፣ ልጅቱን እንደ ሙክት ካልጠፈርኋት አልሽ? እቅፍ እያለ!» ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። መኪና በድንገት ሲቆም ልጅ አብራ እንደማትቆም፣ ያን ጊዜ የማንም ክንድ እንደማይዛት ነገርኋቸው። አታሟርቺ አሉኝ። ሰዒድ ሳቀ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስሜ ሟርተኛዋ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ከቀኑ 10፡00

ነገ ለመምህራን ሥልጠና ባ/ዳር። ሁለት ሌሊት። ሰዒድን አስማልሁት፦ ያለ ወንበሩ ሀያትን መኪና ላይ እንዳታወጣት። ወላሂ አለ። ደብተሬ፣ አንቺም ሰምተሻል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፤ ከቀኑ 11፡00

ከመናኸሪያ ቤት ገባሁ። ሀያት ክንዷ በቀርከሃ ታስሯል። ወጌሻ አይቷታል አሉኝ። ትናንት ከደረጃ ወደቀች ይላል ሰዒድ፣ ዓይኔን ሳያይ። እማ ዘምዘም ከክፍላቸው አልወጡም።

ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተሯ ምን ሆና ነው ስትል ሰዒድ ቀደመኝ፤ ደረጃ። ራጅ ተነሣች። ተሰብሯል። ጀሶ አሰሩላትና ተመለስን።

የቤታችን ደረጃ ሦስት እርከን ነው። ሦስት! እዚያው ዶክተሯ ፊት ቆሜ ውሸቱ ገብቶኛል። ዝም አልሁ። ሰው ፊት ባሌን ላለማዋረድ። ለተማሪ እውነት ተናገር የምለው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ጠዋት 12፡30

ሀያት ሆዷን ይዛ ተነሣች። ፊቷ ነጥቷል። ቁርስ እምቢ። ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ፦ «አባዬ ፍሬን ያዘ፣ እኔ በረርሁ።»

ሰዒድን አፋጠጥሁት። አመነ። የአዘዞ ቁልቁለት ላይ ባጃጅ ፊቱ ገባበት፤ ልጄ ከአያቷ እቅፍ ወጥታ ዳሽቦርዱ ላይ ተላተመች። ወንበሩ ቤት ነበር። በሆዷ ነው የተላተመችው! ከደረጃ ነው የወደቀችው ያልናት ዶክተር ለምን ሆድ ትመርምር?

አሁን በሩ ላይ ቆሞ ይለምነኛል። መንጃ ፈቃዱ። የሰው ወሬ። እናቱ። ስለ ሀያት ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ለብሳለች፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።

ያው ቅዳሜ፤ ቀን 6፡00

በባጃጅ መጣን፤ ሌላ ምን አለኝ? እኔም አቅፌያት ነው የመጣሁት፣ ቀስ በል እያልሁ።

ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኋት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልትራሳውንድ። ጣፊያዋ ተሰንጥቋል፣ ሆዷ ውስጥ ደም አለ። ዛሬና ነገ ይጠብቃሉ፤ ካልቆመ ቀዶ ጥገና። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ቃሌን ሰጠሁ፣ ፈረምሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ተኝታለች። በየሰዓቱ የደም ግፊቷን ይለካሉ። መጻፍ አልችልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ከቀኑ 9፡00

ደሙ ቆሟል ይላሉ። ገና አልለቀቋትም።

የሰዒድ አጎት ሁለት ሽማግሌ ይዞ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ቃልሽን አንሺ፣ ደረጃ በይ፣ ትዳርሽን አታፍርሺ። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ያንቺ ሟርት ነው አሉኝ። «ቀደር ነው ወይስ የኔ አፍ? አንዱን ምረጡና ንገሩኝ» አልኋቸው። አጎትየው መማር እንዲህ ካደረገሽ ቢቀርብሽ ይሻል ነበር አለኝ። ቢቀርብኝማ ልጄን ቀብሬ ነበር።

ይህን ስንባባል እማ ዘምዘም እያነከሱ ደረሱ። ጉልበታቸው አብጧል፤ ለማንም አልተናገሩም ነበር። ሰላምታ የለም። «ይዣት ነበር» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «በሁለት እጄ፣ አጥብቄ ነው የያዝኋት። ወጣችብኝ።» መዳፋቸውን ዘርግተው ያዩታል። አጎትየው ስልኩን ማየት ጀመረ።

አልታረቅንም። ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ግን ነገ 3 ሰዓት ትራፊክ ቢሮ ቃሌን ለማጽናት ስሄድ አብረውኝ ይመጣሉ። በልጃቸው ላይ ይመሰክራሉ።

እስክትመለሺ እኔ ሀያት አጠገብ ልሁን አለ ሰዒድ፣ ቀስ ብሎ።

እኅቴን ጠርቻታለሁ።