ፀሐይ ሊሞቁ የሄዱት ኮፍያዎች

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ክስ አለኝ። የሠራሽልኝ የሱፍ ካልሲ ሊገድለኝ ነው። እዚህ ቴክሳስ ሰው በመጋቢት በነጠላ ጫማ ይሄዳል፤ እኔ እግሬን እንደ ድንች እየቀቀልኩ እዞራለሁ። ካሣ ትከፍያለሽ።

የኔ ክስ ይኸው ነው። ያንቺን ግን ፈርቼዋለሁ። ስትደውዪ ስልኩን የማላነሣው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ያን የየካቲት ጠዋት ታስታውሺዋለሽ። ሰፈሩ ሁሉ እንደየዓመቱ እኔ የምነዳውን የቤዝቦል ቡድናችንን የጭነት መኪና ወደ ፍሎሪዳው ልምምድ ሊሸኝ ወጣ። እንደ ልማዳችን በዓመቱ የሞቱብንን ሰዎች ኮፍያ ሰጣችሁኝ፤ እዚያ ፀሐይ ሞቀው፣ የቤዝቦሉ ጨዋታ ሲከፈት አብረውኝ እንዲመለሱ። ጎረቤታችን ቦዤና የባሏን ስታቀብለኝ፣ «አደራ፣ መንገድ ላይ ቢራ እንዳታጠጣብኝ፤ ሐኪሙ ከልክሎታል» አለችኝ። «አይዞሽ፣ የሐኪሙም ኮፍያ ከኋላ ተጭኗል» አልኳት። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። አንቺ ደግሞ የእናትሽን ሰጠሽኝና፣ «አጎቴ፣ እሷ መስኮት አጠገብ ነው የምትወደው» አልሽኝ።

እኔ ግን ከዋዜማው ጀምሮ አውቅ ነበር። አለቃችን ሃልቨርሰን ጠርቶኝ ቡድኑ ከተማ እንደሚቀይር፣ መኪናውም እንደማይመለስ ነግሮኛል። «ሰዎቹስ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «በአያቶቻችሁ ጊዜ ቡድኑ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ጥሎት የመጣው ከተማ ሰው አላለቀሰም? ማናችሁ ጠየቃችሁ?» አለኝ። ጡረታዬም ደርሷል። የመኪናውን ቁልፍ ተቀበልኩ።

ጥሩምባዬን እየነፋሁ፣ እጄን እያውለበለብኩ ወጣሁ። ናሽቪል ላይ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል የፍሎሪዳውን ትቼ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቴክሳስ ታጠፍኩ። እህቴን እንዳልሽው መስኮቱ ጋ አስቀምጫት ነበር። ወደዚያ በኩል ዞሬ ማየት አቃተኝ። ሬዲዮው የቡድኑን መሄድ ማውራት ሲጀምር ዘጋሁት።

እዚህ «ቡድኑን ያመጣልን ሰውዬ» እያሉ ይጋብዙኛል። እበላለሁም፤ ይህንንም እወቂው። አዲስ ኮፍያ ታድሎ አሮጌው ሁሉ ይጣል ሲባል የእናንተን በካርቶን ቤቴ አመጣሁት። በፖስታ ልላከው እላለሁ፤ ሙታን በፖስታ ይላካሉ እንዴ? ይዤ ልምጣ ስል ደግሞ የቦዤና ሳቅ ይመጣብኛል። አደራ የበላ ሰው ሰፈራችሁ ይገባል ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር—

በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። እዚህ ማንም የማይለብሰውን አሮጌውን ሰማያዊ ጃኬታችንን የለበሰች ሴት፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ባዶ ሻንጣ ይዛ ደጄ ቆማለች። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ መጣሽ?

አፌን ከከፈትኩ መቀለዴ አይቀርም፤ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ወረቀት እሰጥሻለሁ፤ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ከዚያ ብትገቢም፣ ሻንጣሽን ሞልተሽ ከደጅ ብትመለሺም፣ እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ።

አሁንም አንኳኳሽ። መጣሁ።

የእናትሽ ወንድም