ለዓሣዎቹ ሳጥን የሚሆን መቆሚያ

ሰኞ

ቡፌው «ቂርር» አለ። አምስተኛውን ጀሪካን ገና መገልበጤ ነበር። ላዩ ረግቧል! ሹፌሩ ባሌ ጌቱ አዲስ አበባ ሽንኩርት አራግፎ ሲመለስ አንድ የመስታወት ሳጥንና ሰባት ቀያይ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። «ቡፌው ይችለዋል» ብሎ ደግሞ መንገዱን ቀጠለ። እሱ ምን አለበት! ውሃውን መልሼ ቀዳሁት። ዓሣዎቹ ሳፋ ውስጥ ናቸው።

አማቴ እማማ ብርቄ የሚቀመጡት እዚያው ቡፌው ሥር ነው። ንፋስ የሚገባው በዚያ ብቻ ነው ብለው አይነሱም። «ይኼ ነገር እኔን ይዞኝ ነው የሚሄደው» ይላሉ፤ ግን አይነሱም።

ማክሰኞ

አሰላሁት። ሜትር ከሃያ በአርባ በአርባ። ከአሸዋውና ከመስታወቱ ጋር ሁለት ኩንታል ተኩል! ለጌቱ ደወልኩ። «ውሃ ደግሞ ምን ይመዝናል?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ኩንታል ሲጭን የኖረ ሰው!

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሳፋው ሻይ ሆኗል። አንዱ ሞተ። ትናንት ስስቅባቸው ነበር፤ ዛሬ አለቀስኩ። ለማንም አልናገርም።

ረቡዕ

አናጢው ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። መጋዙ ይጮኻል፣ እኔም ጮህኩ። «ለሳጥን ማስቀመጫ ነው! ሜትር ከሃያ! ዝቅ ይበል፣ እንዳይነቃነቅ! ቶሎ ይድረስልኝ፣ ሙቀቱ አያቆይልኝም!»

የእድራችን እትዬ ዘነቡ በር ሊያሠሩ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ለዓሣ እንዲህ የሚያዝን ሰው አለ ለካ!

ሐሙስ

ደረሰ። እግሩ ብረት፣ ላዩ ወፍራም ጣውላ። ጋሼ ሰይድ ውሃ ልክ አስቀምጠው አንዱን እግር በሽብልቅ አስተካከሉ። «ወላሂ፣ ዝሆን ይሸከማል» አሉ። ቡፌውም ይችላል ተብሎ ነበር። ቢደረመስስ? እማማን ምን ልላቸው ነው? ልሙላው አልሙላው ስል ዋልኩ፤ ሌላ ዓሣ ሞተ። አምስት ቀሩ።

ዓርብ

ገና በጠዋቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሦስት የእድር ሽማግሌዎችም ተከትለው «ኧረ እኔን!» እያሉ ገቡ። እማማ ጓዳ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ሲያጡ መቆሚያው ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። የእድሩ ሰብሳቢ ብቻቸውን ኩንታል ይሞላሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። መቼ አረፉ?»

«ማን?»

እማማ ብቅ አሉ። እትዬ ዘነቡ «ሜትር ከሃያ ሳጥን ስትል የሬሳ መስሎኝ!» ብለው ኡኡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው እንደገና ዱብ! ሦስቱም ባንዴ! ዓይኔ የመቆሚያው እግር ላይ ነበር። ንቅንቅ አላለም!

«አባቶቼ፣ በሞቴ አንዴ ድገሙልኝ» አልኳቸው። ያበድኩ መሰላቸው።

እንደወጡ ሳጥኑን መቆሚያው ላይ አስቀምጬ፣ ክሎሩ እንዲወጣለት ያሳደርኩትን ውሃ ዘጠኝ ጀሪካን ሞላሁ። አምስቱም ይዋኛሉ። እልልል!

ወዲያው ጌቱ ደወለ። አንዱ መርዶ ነጋሪ ቀድሞኛል፤ መኪናውን ጣርማ በር አቁሞ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ስልኩን ለእናቱ አቀበልኳቸው።

«ኖሬያለሁ!» ይሉታል። «ብሞትስ፣ ሜትር ከሃያ ይበቃኛል ወይ? ሚስትህን ጠይቃት!»

ምን እንደገባው እንጃ። መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።