መቃብሩ ላይ የተከልከው ታፔላ

ውድ ካሚል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ወላሂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከከሚሴ ወጥተህ አዲስ አበባ እህትህ ቤት እንደገባህ ሰምቻለሁ። «ማን ነው ያሳጣኝ?» እያልክ ታጣራለህ አሉ። አትድከም፣ እኔ ነኝ።

ሻርፕ እያቀለምን መሸጥ ስንጀምር በአባቴ ግቢ አንድ በርሜል ብቻ ነበረን። እጃችን እስከ ክርናችን ሰማያዊ ሆኖ ሰንበቴ ገበያ ስንገባ ሰው ይስቅብን ነበር። ያኔ እወድህ ነበር። ይኸው ተናገርኩት፣ አሁን ምንም አያደርግልህም።

የውጭ ገዢዎቹ በ2001 ሲመጡ ውላቸው ግልጽ ነበር። ሻርፑን ይገዙናል፤ እኛ ደግሞ ቀለሙን ለማፍላት የምናነደውን እንጨት በሦስት ዓመት በግማሽ እንቀንሳለን፣ እስከዚያው ላነደድነው ችግኝ እንተክላለን። ምድር እየሞቀች ነው አሉን። የቦርከና ወንዝ ዓመት ዓመት ሲጎድል እያየን ለኛ ማን ይነግረናል! እኔ ሺህ ችግኝ አፈላሁ። አንተ ግን ትእዛዝ በላይ በላዩ ተቀበልክ። አንዱ በርሜል ስድስት ሆነ፣ የጨፋ ግራር በጋሪ እየመጣ ነደደ። ለችግኞቹ የተገዛውን የውሃ ፓምፕም ነቅለህ ለማቅለሚያው ወሰድከው። «ዘንድሮ ትእዛዝ እንቀንስ፣ ቃላችንን እንጠብቅ» ስልህ፣ «አብሽሪ መሪማ፣ ፈረንጅ ዛፍ አይቆጥርም» አልከኝ። ችግኞቼ ከነላስቲካቸው ደረቁ። አዲሱ ቤት ስትገባ ደግሞ በሩ ላይ ዘበኛ አቆምክብኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ታፔላውን ግን አልቻልኩትም። ጨፋ ሮቢት፣ አባቴ የተቀበረበት መቃብር ውስጥ፣ ከዋንዛው ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታፔላ አቆምክ። ለሽማግሌዎቹ «የመቃብር ዛፍ አትቁረጡ ይላል» አልካቸው። የሁሉ ታላቅ ሼህ ዘይኑማ አምነው መርቀውህ ነበር። ገዢዎቹ በሁለተኛው ዓመት የተከልነውን ሊያዩ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሄጄ አነበብኩላቸው፦ «ይህን ደን በ2001 የተከለው የካሚል ሻርፕ ሥራ ነው።»

«ዱጋ? እውነት እንዲህ ነው የሚለው?» አሉኝ።

«ወላሂ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ነገ ዱዓ እናደርግለታለን» አሉ።

ለፈረንጆቹ እንዲያምርልህ ዱዓ ይደረግልኝ ያልከው አንተው ነህ። እኛ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመን ነበር። ሼህ ዘይኑ እጃቸውን ዘረጉ።

«የተከለውን አላህ ያጽድቅለት!»

«አሚን!» ከሰው ሁሉ ያንተ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

«ሙታን የተከሉትን እኔ ተከልኩት ያለውን ግን ሥሩን ይንቀለው!»

ጀማዓው ዞሮ አንተን አየ። አስተርጓሚው አንድ ሳያስቀር ይተረጉማል። ዝም ብትል አመንክ ማለት ነው፣ አሚን ብትል እርግማኑ ያንተ ነው። ላብህን እየጠረግክ «አ...ሚን» አልክ። ከገዢዎቹ አንዷ ሴትዮ ዋንዛውን ልታቅፍ ሞክራ እጇ አልገጥም ሲላት «ይሄ የሁለት ዓመት ዛፍ ነው?» ብላ ጠየቀችህ። ከአጥሩ ውጭ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ውልህ በዚያው ሳምንት ተቀደደ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም? ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ደስ ብሎኛል፣ አላፍርበትም። ያሳዘኑኝ ማቅለሚያህ ሲዘጋ ሥራ የፈቱት ልጆች ናቸው። ከነሱ ሀዲጃና ሌሎች አራት አሁን እኔ ጋ ናቸው። በርሜላችን ሁለት ነው፣ ሦስተኛ አንጨምርም። ትእዛዝ ሲበዛ «አይደርስልንም» እንላለን። ከተከልነው ስድሳ ችግኝ ጸድቋል። ስድሳ ብቻ፣ ግን የራሳችን ነው።

ታፔላህን ሼህ ዘይኑ አስነቅለው ላኩልኝ። ፍየል ችግኞቹን እንዳይበላብኝ ከአጥሩ ጋር መትቼዋለሁ፣ ስምህ ወደ መንገዱ ዞሮ። ፍየሎቹ እየመጡ ይታከኩበታል። ለኢድ ወደ እናትህ ስትመጣ በዚያው ታልፋለህ፣ ሌላ መንገድ የለህም።

አብሽር።

መሪማ