የሁለተኛው ክፍል ዝምታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሲያካፋ ዋለ። ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ... ባዶ አውቶቡስ ስነዳ፤ መንገዱ ውሃ ሆኖ፣ ፌርማታዎቹ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፉ። ጡረታ ብወጣም መሪው ከእጄ አልወጣም።

ልጄ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። ዩኒቨርሲቲ ናት፤ የመጨረሻውን፣ ትልቁን ዲግሪ ነው የምትማረው። "አባባ፣ ሰው ጎደለብኝ" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ በሩን በስልክ የሚከፍት መሣሪያ ሊሠራ ነው። ከመሠራቱ በፊት ከምን ከምን መጠበቅ እንዳለበት ሰው ተሰብስቦ ያስባል። አስተሳሰቡ ሁለት ዘዴ አለው። የቆየው ዘዴ "መጀመሪያ ያለህን ንብረት ቁጠር" ይላል። ልጄ ያወጣችው ደግሞ "መጀመሪያ ሌባውን ሁን" ይላል። አንዱ ክፍል በዚህ፣ ሌላው በዚያ... የትኛው ብዙ አደጋ እንደሚያገኝ ይታያል።

"በስተርጅና ልፈተን?"

"ፈተናው ለአንተ አይደለም፤ ለዘዴው ነው።"

ዘዴም ይፈተናል እንዴ? ፊደል ዘግይቼ ነው የቆጠርኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እሺ አልኩ። ልጄ አይደለች?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዕጣ ወጣ። ሁለተኛው ክፍል ደረሰኝ... የቆየው ዘዴ! የባላንጣ ቤት! ስም አይጻፍም፤ ልጄም አትገባም። የምትመራን አንዲት ረጅም አስተማሪ ናት። ከጎኔ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከፊቴ ሥጋ ሻጭ።

መስኮቱ ሰፊ ነው። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ እንደ ወተት ፈሶ... ልቤ ሄደ። በዚያ መሃል አንድ ነገር ታየኝ። ስልኩን አንዱ ቢሰርቀውስ? በሩን በእጁ ያዘው ማለት እኮ ነው። ሌላም ታየኝ። ሁለቱንም ዋጥኩ። ልጄን ለሚጥል ዘዴ ማገዶ ላቀብል?

ነርሷ "መብራት ቢጠፋስ?" ብላ ጀመረች።

"ተይው እህቴ፣ መብራት ከጠፋ ሌባውስ በምን አይቶ ይመጣል?" አልኳት። ሥጋ ሻጩ ሳቀ። እሷም አፈረችና ተወችው።

ስወጣ መንገዱ ራሱ የሚሸከመኝ መሰለኝ። አባት ማለት እንዲህ ነው!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እየበረረች መጣች። የእሷ ክፍል ካገኘው አደጋ ሁለተኛው ክፍል ግማሹን እንኳ አላገኘም። "አባባ፣ ማመን አቃተኝ!"

አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? "እንዲያው የተገኘ መሰለሽ?" አልኳት። ሁሉን ነገርኳት። የዋጥኩትን፣ ነርሷን ያሳፈርኳትን... እስክትስቅ ጠበቅኩ።

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ቀስ ብላ።

"አባባ፣ ሩጫ መሰለህ?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የዚያ ክፍል ሥራ ተበላሸ። ይጣላል። አባቴን ማስገባቴም የእኔ ጥፋት ነው።" ጃኬቷን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ወጣች።

ለእሷ ብዬ አይደል? ውለታ ቢስ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አልደወለችም። እኔም አልደውልም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ከምሳ በኋላ ዓይኔ ክድን አለ። ያው አውቶቡስ። ሟች ባለቤቴ ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ የመስኮቱን ጉም በጣቷ እየጠረገች... ፊቷን አላዞረችም።

"አንተ ሰው፣ ልጅህ መንገድ ጠየቀችህ። አንተ ደስ የሚላትን ሰፈር ነገርካት።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" ነቃሁ። ጉንጬ ረጥቧል... ላብ ነው።

ይቅርታ የሚሉት ቃል ከጉሮሮዬ አይወጣም፣ ዱሮም። ደወልኩና "ስንት ሰው ጎደለሽ?" አልኳት።

"ክፍሉ በሙሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተደገመ ዓመቴ ሄደ፣ አባባ።"

"እኔ አመጣልሻለሁ።"

"አንተ ግን አትገባም።"

"ማን እገባለሁ አለ?"

"የማን ሥራ እንደሆነም አትንገራቸው። የአንተ ልጅ መሆኔን ካወቁ ያው ነው የሚሆነው።"

ይህኛው ከበደኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

የድሮ ሾፌሮች ከሚቀመጡበት እስከ ጫማ ጠጋኙ በር ዞርኩ። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም። ለመንኩ።

"የማን ጉዳይ ነው?" አለኝ አብሮኝ ይነዳ የነበረው፣ "ፍሬን" የምንለው።

"የአንዲት ተማሪ።" ምላሴን ነክሼ። የልጄ ነው ማለት እንዴት እንዳማረኝ!

"ገብተን ምን እንበል?"

"ያያችሁትን። ሰው ለመጥቀም ብላችሁ አትናገሩ፤ ለመጥቀም ብላችሁም አትዋጡ።"

"ጉድ ነው! አንተ ከመቼ ወዲህ ነው መካሪ የሆንከው?" ብሎ ሳቀብኝ። ቻልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ያመጣኋቸው ገቡና በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ድምፃቸው ከውስጥ እንደ ንብ ይመጣል... ዛፉ አንድ ቅጠል ይጥላል፣ ያስባል፣ ሌላ ይጥላል። ጆሮዬ ሊያዳምጥ ሲጀምር ተነስቼ ራቅ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ልጄ መጣች። የምኖርበት ፎቅ ደረጃ ሥር ተገናኘን።

"እኩል ወጣ" አለች።

"ምኑ?"

"ሁለቱ ዘዴ። የእኔ አይበልጥም።"

ደሜ ፈላ። ፍሬንን ሄጄ ልነቀው? "ታዲያ ምን ልትጽፊ ነው?"

"እኩል ነው ብዬ።"

"ዲግሪውስ?"

"መምህሬ ተቀብሎታል። እውነት ከሆነ ይበቃል፣ አባባ።" ደክሟታል። ፊቷ ግን... ታጥቦ ነፋስ ላይ የተሰጣ ነጠላ ጨርቅ ይመስላል።

ደረጃውን ጀመርን። "እንዴት ከረምክ?" አለችኝ።

ሁሌም መልሴ "ደህና" ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሌላ ቃል አልሰጠኋትም። አሁንም ምላሴ ላይ ደረሰ። መለስኩት።

"ደህና አይደለሁም። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ብሏል። ባለፈው ወር እዚህ ወድቄ፣ ሰው እስኪያልፍ ተቀምጬ ቆየሁ። ቤት ስገባም የእናትሽን ስም እጠራለሁ... መልስ እንደሌለ እያወቅኩ።"

አላለቀሰችም። አላቀፈችኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጫማችን ላይ አረፈች።

"ቀጥል" አለች።

ቀጠልኩ።